ዴልማር የመረጠው ፕሮሰሰር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ መጨረሻ ላይ ስንት ይወጣዋል? ተማሪ ሳለሁ ይህን ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ አራት ገጽ ሙሉ መልሼ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ አንድ መስመር የምጽፍ አይመስለኝም። የከተማችን ጋዜጣ ግን መልስ አያጣም። ዴልማር ፕሩት ሲሞት አምስት መስመር ሰጠው፦ በኬንታኪ ተራሮች ተወለደ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በኦሃዮዋ ዴይተን ከተማ በፋብሪካ ሠራ፣ ከዚያ የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ ወጣ፣ አላገባም፣ ለቀብሩ አበባ መላክ አያስፈልግም።

ስለ ፕሮሰሰሩ አንድም ቃል የለም። እኔ ደግሞ ሰውየውን የማውቀው በፕሮሰሰሩ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1977 መኸር ላይ ነው። ያኔ ቤቱ ኮምፒውተር እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ ሄዶ ገዝቶ አይመጣም፤ በገዛ እጁ ሽቦ ቆርጦ፣ በይዶ፣ ጣቱን አቃጥሎ ይሠራዋል። እንዲህ ያለ አባዜ የያዘን ሠላሳ ሁለት ሰዎች በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንሰበሰብ ነበር። ሬዲዮ ጠጋኞች ነበሩ፣ በአቅራቢያችን ያለው የአየር ኃይል ሰፈር መሐንዲሶች ነበሩ፣ ሁለት የጥርስ ሐኪሞችም ነበሩ። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪዋ አርሊን ዶስት የማኅበሩን ወርኃዊ ጋዜጣ በማባዣ ማሽን ታወጣለች። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ሎጂክ አስተምራለሁ፤ ብየዳ ላይ ግን ከሁሉም የመጨረሻው ነበርኩ።

ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው የትኛውን ፕሮሰሰር ልግዛ የሚል ነው። ፕሮሰሰር የማሽኑ አንጎል ነው ይባላል። እኔ ቋንቋው ነው ብል ይቀለኛል። ምክንያቱም ለአንዱ ፕሮሰሰር የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው ትርጉም የለሽ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ከመረጡ፣ አጥር ለአጥር እየኖሩ አንዳቸው የጻፉትን ሌላው ሊያስኬደው አይችልም። ያኔ ይህን በቅጡ አላሰብንበትም። የምንከራከረው ስለ ፍጥነት ነበር።

በዚያ መኸር ማኅበሩ ፕሮሰሰሩን በአንድነት እንዲገዛ ሐሳብ ቀረበ። አንድ ዓይነት ከያዝን ፕሮግራም የተቀዳበት ካሴት እንለዋወጣለን፣ አንዱ የጻፈውን ጨዋታ ሁሉም ይጫወታል። ሰብሳቢያችን ሮላንድ ቤክ ድምፁ የአውሮፕላን ሞተር የሚያስንቅ መሐንዲስ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ሞልቶ የየፕሮሰሰሩን ፍጥነት ካነጻጸረ በኋላ 6502 በሚለው ቁጥር ዙሪያ ክብ ሠራ።

«ጥያቄ ያለው?» አለ፣ ጥያቄ እንደማይኖር እርግጠኛ በሆነ ሰው ድምፅ።

ከኋላ፣ ከትልቁ የቡና ማፍያ አጠገብ፣ አንድ እጅ ተነሣ። ዴልማር ነው። ወደ ማኅበሩ ከመጣ አራት ወሩ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድምፁን የሰማ ሰው አልነበረም። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው።

«ሲቆም ይረሳል?» አለ።

«ምኑ?»

«ፕሮሰሰሩ። ሥራው መሃል ላይ ባቆመው፣ የያዘውን ይዞ ይጠብቀኛል ወይስ ይረሳል?»

«ለምንድነው የምታቆመው አንተ ሰው?» አለ ሮላንድ። «በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ እንዲመታ እኮ ነው የምንገዛው! የሩጫ ፈረስ ገዝተህ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅህ ነው የምትፈልገው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ኬንታኪ ፈረስ እንደዚያ ነው የሚያዘው!» አለ አንዱ የጥርስ ሐኪም፣ ከአነጋገሩ የሩጫ ፈረስ አገር ሰው መሆኑን ለይቶ።

«ኬንታኪማ ፈረሱ ይሮጣል» አለ ዴልማር በዚያ በሚጎተት አነጋገሩ፤ «ቁጭ የሚለው ሰውየው ነው።»

አሁን ሳቁ ወደ እሱ አደላ። አርሊን ከጋዜጣ ረቂቋ ላይ ቀና ብላ፣ «ሮላንድ፣ ሰውየው የጠየቀውን መልስለት» አለች።

«እሺ። አዎ፣ ይረሳል። ምቱን ካቋረጥክበት ዓይንህን ሳትጨፍን የያዘው ሁሉ ፈሶ ያልቃል። ተፈጥሮው ነው።»

ዴልማር ከደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «1802 የሚባል አለ። እሱ አይረሳም። ምቱን ብታቆምበት ይቆማል፤ ስትመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲያ ነው ያነበብኩት።»

«አውቀዋለሁ፤ ኤሊ ነው!» አለ ሮላንድ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ስማኝ ዴልማር። ከዚህ ቤት እሱን የሚገዛ የለም። እሱን ከያዝክ የምታወራው ከራስህ ጋር ነው።»

«እሱንስ ለምጄዋለሁ» አለ ዴልማር።

ሠላሳ አንድ እጅ ለ6502 ተነሣ። የእኔም አንዱ ነበር።

ቡና ሲቀዳ ጠጋ ብዬ ለምን እንዲህ እንዳለ ጠየቅሁት። ያኔ ነው ስለ ፋብሪካው የነገረኝ። ሥራው ሽያጭ የሚደምር የሱቅ ካሽ ሬጅስተር ማስተካከል ነበር፤ የቀድሞውን፣ ሆዱ በነሐስ ጥርስና በዘንግ የተሞላውን። ማሽኑ ሲሳሳት አንዱ ሠራተኛ እጀታውን በቀስታ ያዞራል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ሆዱን ያያል። የሚያየው «ቁም!» ሲል የሚያዞረው ይቆማል። ስህተቱ እዚያው፣ በሁለት ጥርሶች መሃል፣ ተይዞ ይገኛል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ አራት መቶ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ሰው። ከዚያ ኤሌክትሮኒክስ መጣና አዳራሹ በአንድ ዓመት ባዶ ሆነ።

«አዲሱን ማሽን ከፍተው አሳዩን» አለኝ። «ጥቁር ጥቁር ትኋን የመሰለ ነገር ተደርድሮ። የቱ ጋ ነው የሚደመረው ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው ሳቀብኝ። እኔ የምፈልገው ቁም ስለው የሚቆም፣ ምን ይዘሃል ስለው የሚያሳይ ነው። ቂል ነኝ?»

«አይደለህም» አልኩት።

«እንግዲህ ለምን እጅህን አነሣህ?»

ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሳቀ። «ግድ የለም። እኔ የሚያስፈልገኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ የጻፍኩትን እሱ ያስኬዳል፣ እሱ የጻፈውን እኔ። አንድ ሰው። ሠርቼ ሳሳያቸው አንዱ መምጣቱ አይቀርም።»

የዴልማር ስህተት ይህች ነበረች፤ ለብዙ ዓመት ያሰብኩባት ስህተት ናት። አንድ ነገር መልካም መሆኑ ከታየ ሰው ይከተለዋል ብሎ ያምን ነበር። እኛ መልካምነቱን አይተን፣ አድንቀን፣ ተመልሰን ሰው ወደበዛበት የምንሄድ ፍጥረቶች መሆናችንን ፋብሪካው አላስተማረውም።

በጥር የመጀመሪያ ቅዳሜ ማሽኑን ይዞ መጣ። የሠራው በገዛ ምሳ ዕቃው ውስጥ ነው፤ ፋብሪካ ይዞት ይሄድ በነበረው ጥቁር ቆርቆሮ። ክዳኑ ላይ ስምንት ቀያይ መብራቶች በረድፍ፣ ከሥራቸው ቁልፎች። አስነሣው፤ መብራቶቹ እየበሩ እየጠፉ መቁጠር ጀመሩ።

«አርሊን፣ ቁም በይው» አላት።

«ቁም!» አለች እየሳቀች። ዴልማር አንዱን ቁልፍ ወደ ታች ገፋው። መብራቶቹ እንዳሉ ቀጥ አሉ። አርሊን የበሩትንና የጠፉትን ወደ ቁጥር መልሳ አነበበችና በሰሌዳው ላይ 173 ብላ ጻፈች።

«በሚቀጥለው ወር ከ174 ይቀጥላል» አለ ዴልማር። የመብራቶቹን ሽቦ ነቀለ፣ ክዳኑን ዘጋ፤ ውስጥ ያለው ባትሪ ብቻውን ፕሮሰሰሩን ይዞ እንዲቆይ ተወው። ሮላንድ «አንድ ወር? አንድ ሳምንት ከያዘ ባርኔጣዬን እበላለሁ!» ብሎ ፎከረ።

በዚያው ወር መጨረሻ ግዛታችን ኦሃዮ ያንን የበረዶ ውሽንፍር አየች። ያልነበረ ሰው አያውቀውም። በሩን መክፈት አልተቻለም፣ መኪናው ከእነጣሪያው ተቀበረ፣ መብራት ለሦስት ቀን ጠፋ። በከተማዋ ውስጥ ያሉ የእኛ ማሽኖች በሙሉ ጨለማ ውስጥ ባዶ ሆነው ተቀመጡ። የዴልማርም ቤት ማሞቂያ ከመብራቱ ጋር ጠፋ። ባትሪ በብርድ ይደክማል ብሎ ስለሰጋ ምሳ ዕቃውን ካፖርቱ ውስጥ ከሆዱ ጋር አስሮ ሦስት ቀን ቆየ።

የየካቲት ስብሰባ ላይ ይህን ሲነግረን አርሊን፣ «አንተንስ ማን አሞቀህ?» አለችው።

«እኔ እሱን አሞቅኩት እንጂ እሱ እኔን አላሞቀኝም» አለ። «ባለውለታዬ አይደለም፤ እንዲያው ጓደኛ ነው።»

ሰሌዳውን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አጥፍተውት ነበር። ደግነቱ አርሊን ቁጥሩን በማስታወሻዋ ላይ መዝግባዋለች። ዴልማር የመብራቶቹን ሽቦ መልሶ ሰካ፤ 173። ቁልፉን ወደ ላይ መለሰው። 174። 175። 176።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሮላንድ ባርኔጣውን አውልቆ ጫፉን ነከሰ፣ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዴልማር ፊቱ እንደ መብራቶቹ ቀልቶ ቆሞ ነበር። እንዲያ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ አንዱ፣ «ሮላንድ፣ አዲሱን የመርከብ ጨዋታ አምጥተሃል እንዴ?» አለ። አዎ፣ አምጥቷል። ታጣፊ ወንበሮቹ እየተንኳኩ ወደ ሮላንድ ጠረጴዛ ተጎተቱ፤ ሁሉም ባዶ ካሴቱን አውጥቶ ለመቅዳት ተሰለፈ። ዴልማር አጠገብ አርሊንና እኔ ብቻ ቀረን።

«አንቺስ?» አላት።

«ተማሪዎቼ ሁሉ የሚጽፉት በ6502 ነው፣ ዴልማር። እውነቴን ነው፣ ሌላ ለመማር ጊዜ ከየት አባቴ ላምጣ? ለጋዜጣው ግን ጻፍልኝ። በየወሩ አወጣልሃለሁ።»

«የሚያነብ ሰው ይኖራል?»

«ካልጻፍክ እንዴት ታውቃለህ?»

እናም ጻፈ። በየወሩ፣ በመጨረሻው ገጽ ታችኛው ማዕዘን፣ አንድ አጭር ፕሮግራም ከነማብራሪያው። እንደ ቀድሞው ካሽ ሬጅስተር ደምሮ ደወል የሚደውል፤ የቅዳሜዎችን ቀን የሚያሰላ፤ ሁለት ሰው ተራ በተራ ክብሪት እያነሣ የሚጫወተው። ማብራሪያው ግልጽ ነበር፤ ከብዙ መምህራን ጽሑፍ የተሻለ። ከሥሩ አድራሻው ይታተማል። ጋዜጣው ኢንዲያና እና ሚሺጋን ድረስ ለመሰል ማኅበራት ይላክ ስለነበር፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ይኖራል ብሎ ተስፋ ማድረግ እብደት አልነበረም። ስብሰባ ሲመጣ ፕሮግራሙን የቀዳበትን ካሴት በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ይዞት ይመለሳል።

በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ አርሊን ፕሮግራሙን ስትተይብ አንዲት ቁጥር ተሳሳተች። በቁጥር በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ስህተት ማሽኑን ገደል ትከተዋለች፤ ያንን ገጽ ወስዶ ያስኬደ ሰው ሦስተኛው እርምጃ ላይ ማሽኑ ይደርቅበታል። ዴልማር ስህተቱን ጋዜጣው በደረሰው ዕለት አይቶታል። ምንም አላለም። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። በመስከረም አርሊን የድሮ ቅጂዎችን ስትደረድር የዴልማርን የእጅ ጽሑፍ ከታተመው ጋር አስተያይታ ደነገጠች። በስብሰባው በር ላይ ያዘችው፤ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ዴልማር! የሚያዝያውን አበላሽቼብሃለሁ እኮ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ሌላ ሰው እስኪነግርሽ እየጠበቅሁ ነበር» አላት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወረቀቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እሱ ግን ባርኔጣውን ነካ አድርጎላት ወደ ውስጥ ገባ፤ እንደ ልማዱ ቡና ቀዳ፣ ከቡና ማፍያው አጠገብ ተቀመጠ። አምስት ወር ሙሉ ከአንድ ሰው የቁጣ ደብዳቤ የጠበቀ ሰው በዓይን ሲያዩት ከማንም አይለይም።

ቤቱ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1982 ክረምቱ ሳይገባ፣ እሑድ ቀትር ላይ። ባቄላ ከአሳማ አጥንት ጋር ቀቅሎ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግሮ ጠበቀኝ። ከበላን በኋላ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ከፊቱ አስቀመጠኝ።

«አንተ ተጫን፣ እኔ አያለሁ» አለኝ።

ቁልፉን ስጫን ማሽኑ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል። ዴልማር መብራቶቹን አይቶ ምን እንደያዘ ይነግረኛል። እንደገና እጫናለሁ። በእርምጃና በእርምጃ መካከል የፈለግነውን ያህል እናወራለን፤ ማሽኑ ይጠብቃል። ስለ እናቱ ነገረኝ፤ ከተራራው ወርዳ አታውቅም። ስለ ተማሪዎቼ ነገርኩት። የዕድሜዬን ግማሽ ማሰብ አንዱን እርምጃ ከሌላው ማስከተል ነው እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ አንዱ እርምጃ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ማየት ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚያ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ አርባ እርምጃ ብንሄድ ነው።

ልነሣ ስል ከመሳቢያ ውስጥ በጥቁር ስፖንጅ ላይ የተሰካ አዲስ 1802 አወጣ። ከሥሩ በልክ የተቆረጠና ቀዳዳው ሁሉ የተበሳ፣ ዕቃዎቹ የሚበየዱበት ሰሌዳ ነበር።

«ያንተ ነው» አለ። «መብሳቱን ጨርሼልሃለሁ። ያንተ ድርሻ መበየድ ብቻ ነው። ስታበላሽ ደግሞ እኔ አለሁ።»

«ላስብበት» አልኩ።

በእኔ ሙያ የተከበረ ቃል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም አውቀነዋል። ግማሽ የተሠራ 6502 ቤቴ ነበረኝ፤ ስጨርሰው በእሱ ከሠላሳ ሰው ጋር ፕሮግራም እለዋወጣለሁ። ዴልማር ስፖንጁን ቀስ ብሎ ወደ መሳቢያው መለሰ።

«አስብ፣ አትቸኩል» አለኝ። እስከ መኪናዬ ሸኝቶኝ ከጓሮው ቲማቲም በወረቀት ከረጢት አሸከመኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። አልረሳሁም፤ ከዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። በየስብሰባው ዓይን ለዓይን እንገናኝ ነበር፣ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ ፈረሰ። ተሠርቶ ያለቀ ኮምፒውተር በየሱቁ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ጣቱን የሚያቃጥል ሰው ጠፋ፤ ሮላንድ ራሱ አንዱን ገዝቶ ስብሰባ መምጣት ተወ። አርሊን የመጨረሻውን ጋዜጣ ስታዘጋጅ አባላቱ የሚሸጡት ወይም የሚፈልጉት ነገር ካለ በነፃ እንደምታወጣ አስታወቀች። ብዙ ሰው ጻፈ፤ ለብዙው ሰው ስልክ ተደወለለት። ለዴልማር ማንም አልደወለም፣ ማንም አልጻፈም፤ እኔም ጭምር። የእሱ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦

«አንድ 1802፣ ያልተነካ፣ ከነሰሌዳው፣ በነፃ። የወሰደው ሰው ሠርቶ ሲጨርስ በእሱ የጻፈውን አንድ ፕሮግራም ይላክልኝ፤ አጭርም ቢሆን ግድ የለም። ዴልማር ፕሩት።»